የመጨረሻው ደጅ አዳሪ

አርሴማ የቅዳሜ ጠዋት ተራዋን ለማንም አታሳልፍም ነበር። ለብ ያለ ውኃ በጆግ፣ ሳሙና፣ ፎጣና ቅባት በዘንቢል ይዛ ከአሳንሰሩ ስትወርድ፣ ጋሽ ኢዮስያስ ከሕንጻው መግቢያ አጠገብ ባለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይጠብቋታል። ከእሷ በፊት የሦስተኛ ፎቅ ባልና ሚስት አጥበዋቸው ሄደዋል። ከእሷ ኋላም ጆግ የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። በመታጠብ ብዛት የእግራቸው ቆዳ ሳስቶ እንደ አራስ ልጅ ተረከዝ ቀልቷል፤ በጣቶቻቸው መሐል ቁስል ወጥቷል።

"ዛሬ በውኃ ብቻ ላድርገው፤ ሳሙናው ይቆጠቁጥዎታል" አለች አርሴማ ተንበርክካ።

"እንደ ደንቡ አድርጊው ልጄ። ሳሙና ከሌለው ላይቆጠርልሽ ይችላል።"

አጠበች፤ አደረቀች፤ ቅባት ቀባች። ጋሽ ኢዮስያስ አንገታቸው ላይ ወደተንጠለጠለችው፣ የልብስ ቁልፍ ወደምታህል ጥቁር ድምፅ ተቀባይ ጎንበስ ብለው በሰለለ ድምፅ "እግዜር ይስጥልኝ፣ አርሴማ" አሉ። ያን ጊዜ ላይኛው ፎቅ፣ ከአርሴማ በራፍ በላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ሆነች። አርሴማ ካለችበት ባታያትም ታውቃለች። ዕቃዋን ሰብስባ ስትነሳ ቀጣዩ ሰው ጆጉን አስቀምጦ ተንበረከከ።

ነገሩ የተጀመረው በበጎ ሐሳብ ነበር። ከተማይቱ ጎዳናዎቿን ስታሰፋና ስታሳምር፣ በየድልድዩ ሥርና በየአጥሩ ጥግ ያድሩ የነበሩትን ሰዎች አውቶቡስ እየጫነ ወሰዳቸው። ወዴት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሕግ መጣ፤ በከተማይቱ የሚኖር ሁሉ ሳምንት ሳያልፍ ቤት ለሌለው ሰው አንድ በጎ ሥራ ይሥራ የሚል። ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። አርሴማም አጨብጭባለች። በጎ ሥራ የሚደረግለት ሰው በከተማው ከጥቂት በቀር እንዳልቀረ የታወቀው ከዚያ ወዲያ ነው።

እንግዲህ ከአውቶቡሱ አምልጠው የቀሩት እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ጀመሩ። ደጅ አዳሪው የሞተበት ቀጠና ነዋሪ፣ ሌላ ቀጠና ሄዶ አስፋልት ላይ እያደረ ወረፋ ይጠብቃል። ወረፋ ያልደረሰው ሰው መብራቱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ ትሆናለች። ቀይ ስትሆን አሳንሰሩ አይከፈትለትም፤ ውኃው ይቆማል፤ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። አርሴማ ቢጫዋን አንድ ጊዜ አይታ ታውቃለች። ባሏ ሚልክያስ ሳንባው ከከዳው ወዲህ የሚተነፍሰው አልጋው አጠገብ በተቀመጠ መሣሪያ ነው። ያን ሳምንት ሙሉ ሶኬቱን ዓይን ዓይኑን ስታይ ሰነበተች።

የአርሴማ ቀጠና የሆነው ሾላ መንደር ጋሽ ኢዮስያስ ብቻ ነበሩት። ድሮ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ሚስታቸው በሞት ተለይታ፣ አንዲት ልጃቸው ሀሴት አሶሳ አክስቷ ዘንድ እየተማረች ሳለ፣ ቤታቸው ለመንገድ ፈረሰ። ስልክ ጠፋ፤ አድራሻ ጠፋ፤ አባትና ልጅ ተጠፋፉ። አውቶቡሱ ደጅ አዳሪዎችን ሲለቅም እሳቸው ታመው አንድ የሾላ መንደር ጥበቃ ቤት ተኝተው ስለነበር ቀሩ። ጥበቃው ሲሞት ወደ አግዳሚው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ከመንደሩ እንዲወጡ የፈቀደላቸው የለም።

አያያዛቸው ግን ክፉ ነበር ለማለት ያስቸግራል። በጠዋት አምስት ቤት ቁርስ ያመጣላቸዋል። ብርድ ልብሳቸው በየጊዜው በአዲስ ይቀየራል፤ አዲስ ማልበስ ይቆጠራልና። አንድ ጊዜ የስምንተኛ ፎቅ መሐንዲስ ጥግ ላይ ትንሽ ክፍል ልሥራላቸው ብሎ ነበር። የመንደሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ኖላዊ ጠርተው በእርጋታ አስረዱት። ጣራና ግድግዳ ያለው ነገር ቤት ነው፤ ቤት ያለው ሰው ደጅ አዳሪ አይደለም። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ነዋሪው በተራ ጃንጥላ ይዞ ከጎናቸው ይቆማል። ሌሊትም ቀንም፣ በዶፍ ዝናብ፣ አንዱ ሲደክመው ለሌላው እያቀበለ። መንገደኛ አይቶ ያደንቃል፤ የእንዲህ ዓይነት መንደር ሰው ያድርገን ይላል።

አንድ የሐምሌ ቀን ትኩሳት ያዛቸውና አፋቸውን ዘጉ። ታጠቡ፤ ጎረሱ፤ ተሸፈኑ። አላመሰገኑም፤ በስም ያልተመሰገነ ሥራ ደግሞ አይቆጠርም። ነዋሪዎቹ አልተቆጡም። ዙሪያቸውን ከበው ለመኗቸው። አንዲት ሴት አለቀሰች። ልጅ ያለው ልጁን አምጥቶ እግራቸው ሥር አስቀመጠ። ከሰዓት ሲጋመስ ጋሽ ኢዮስያስ እየተንቀጠቀጡ የእያንዳንዱን ስም እየጠሩ "እግዜር ይስጥልኝ" ሲሉ አመሹ። ድምፃቸው ያን ቀን ተሰነጠቀ፤ ሐኪሙ ነዋሪ ማርና ዝንጅብል ቢያመላልስም ተመልሶ አልቀናም።

አርሴማን ከሌላው ለይተው ይወዷታል። ሌላው አጥቦ ይሄዳል፤ እሷ ትንሽ ትቀመጣለች።

"ስለ ልጄ የተሰማ ነገር አለ?" ይሏታል።

"እየተፈለገች ነው። ያገኟታል" ትላለች።

ማጽናናትም ይቆጠራል። የፈለጋት ግን ማንም አልነበረም።

ሀሴት የመጣችው በዚያው ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ ነው። በቀትር ጋሽ ኢዮስያስ ከሕንጻው ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሮቹ ኋላ ሄደው ፀሐይ እየሞቁ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ በቀን ውስጥ ሰው የማይደርስባቸው ያቺን ሰዓት ብቻ ነው። አርሴማ ከፋርማሲ ስትመለስ አንዲት ጠይም ሴት፣ የመንገድ አቧራ የለበሰ ጫማ ያደረገች፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ድንጋዩ ከጠዋቱ እጥበት ገና አልደረቀም፤ ቀሚሷ ረጥቧል።

"ይቅርታ እትዬ" አለች ሴትዮዋ ተነስታ። "እዚህ ሰፈር ኢዮስያስ የሚባል ሰው ያውቃሉ? አባቴ ነው። ገበያ ያገኘሁት አንድ ሰው እዚህ አየሁት ብሎኝ ነው።"

ፎቶ አወጣች። ወፍራም፣ ሪዛም ሰው አንዲት ጥርሷ የወላለቀ ትንሽ ልጅ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ይስቃል። ዛሬ ሪዙ የለም፤ ሥጋው የለም። ዓይኖቹ ግን ጠዋት ከላይ ሆነው ሲያዩዋት የነበሩት ዓይኖች ናቸው።

አርሴማ አፏ ላይ የመጣው እውነቱ ነበር። ከታንከሮቹ ኋላ ናቸው ልትል ከንፈሯ ተከፍቷል። ከዚያ ላይ ቤት የተኛውን ባሏን፣ ሶኬቱን አሰበች።

"ቁጭ በይ እስቲ ልጄ። ልጠይቅልሽ" አለች።

አቶ ኖላዊ ምድር ቤት ባለችው የኮሚቴ ክፍል ምሳቸውን እየበሉ ነበር። አዳምጠዋት ሲያበቁ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እሳቸው ናቸው። ይዛቸው ልትሄድ ነው የመጣችው። ደስ ብሏቸው ያበዳሉ አቶ ኖላዊ።"

"እኔም ደስ ይለኛል። እውነቴን ነው የምልዎት።" አፋቸውን ጠረጉ። "የዛሬ ሳምንት የሚልክያስ መሣሪያ ሲጠፋ ግን መጥተው ምን ይሉኛል?"

"ሌላ ቀጠና ሄጄ እሰለፋለሁ።"

"ወረፋው ውጭ እያደሩ ነው። ሚልክያስን ማን ይይዝልዎታል? እሺ እርስዎስ ይሁን። የአራተኛ ፎቅ አራስስ? እነዚያ ዓይነ ስውር ወንድማማቾችስ?" ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። "እሳቸው አንድ ሰው ናቸው። ደግሞም ምን ጎደለባቸው? ንጉሥ እንኳ እንዲህ አልታጠበም።"

አርሴማ መሬት መሬት አየች። "ምን ልበላት ታዲያ? አላውቃቸውም ልበል?"

"እንዲያ ካሏት ስትፈልግ ትኖራለች። ነገም ትመጣለች። ሰው የሚያርፈው ቁርጡን ሲያውቅ ነው።"

አርሴማ ቁርጡ የተባለው ምን እንደሆነ ገባት። ከክፍሉ ስትወጣ አቶ ኖላዊ ከኋላዋ ለሕንጻው ጥበቃ ሲደውሉ፣ ጋሽ ኢዮስያስ ዛሬና ነገ ከታንከሮቹ ኋላ እንዲቆዩ፣ ታጣፊ አልጋም ወደዚያው እንዲወሰድላቸው ሲያዙ ሰማች።

ሀሴት እንደተቀመጠች ነበረች። አርሴማ ከጎኗ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

"አባትሽ ደግ ሰው ነበሩ" አለች።

"ነበሩ" የምትለዋን ቃል ስትሰማ የሀሴት ፊት ጠቆረ። አልጮኸችም። ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"መቼ?"

"ባለፈው ክረምት። ደጅ ነበር የሚያድሩት፤ ትኩሳት ያዛቸው።"

"ብቻውን ነበር?"

"ብቻቸውን አልነበሩም። ሁላችንም ዙሪያቸውን ከበን ነበር።"

"ማን አጠበው?"

አርሴማ "እኔ አጥቤያቸዋለሁ" አለች።

ሀሴት የአርሴማን እጆች ሳብ አድርጋ መዳፎቿን ሳመች። አንዱን፣ ቀጥሎም ሌላውን። ሳሙና ሳሙና ይሸቱ ነበር። አርሴማ እጇን ልትነጥቅ ፈለገችና አልቻለችም።

መቃብሩን ማየት እፈልጋለሁ ስትል አቶ ኖላዊ በራሳቸው መኪና ወሰዷቸው። ከከተማው ዳር ስም የሌላቸው የሚቀበሩበት ሜዳ አለ። አቶ ኖላዊ ኮፍያቸውን አውልቀው በመቃብሮቹ መሐል ሲሄዱ ቆዩና አንዱ ጋ ሲደርሱ "ይኸው" አሉ። ማን እንደተኛበት የሚያውቅ የለም። ሀሴት ተደፍታ አለቀሰች፤ ስላልደረሰችለት ይቅርታ ጠየቀችው፤ ትምህርቷን እንደጨረሰች፣ አሁን ራሷ አስተማሪ እንደሆነች፣ ወንድ ልጅ ወልዳ ስሙን በእሱ ስም እንዳወጣች ነገረችው። ከጉብታው አፈር ጨብጣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። አቶ ኖላዊ ዓይናቸውን በመሐረብ ያብሱ ነበር። የውሸት እንባ አልነበረም።

ይህን ጊዜ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰላቸው። ሀሴት ግን መኪና ውስጥ ገብታ በሩ ከተዘጋ በኋላ "ተዝካሩን ሳላወጣ አልሄድም" አለች። "ሰው ለአባቱ ይህን ካላደረገ ምን ልጅ ነው? ትንሽም ብትሆን ነገ እሠራለሁ። እሱ እዚያ ደጅ ሲያድር አብሮት ያደረ ሰው አይጠፋም። የእነሱን አፍ ነው ማርጠብ የምፈልገው።"

አቶ ኖላዊ መሪውን እንደጨበጡ በመስታወቱ አርሴማን አዩዋት።

"አንድ ሰው አለ" አሉ ቀስ ብለው። "በሽተኛ ነው። እንግዳ ሰው ሲያይ ይረበሻል።"

"አንድም ይበቃል" አለች ሀሴት።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በአርሴማ ወጥ ቤት ተሠራ። የሀሴትን ኀዘን የሰማ ሁሉ መጣ። ይህ ሥራ የማንንም መብራት አያበራም፤ ቢሆንም ሽንኩርት የሚልጥ፣ ሥጋ የሚዘለዝል፣ ዕቃ የሚያጥብ ሞላ። ማንም የማንንም ዓይን አያይም ነበር። ሁሉም ያውቃል። የአራተኛ ፎቅ አራስ እንኳ ሕፃኗን አዝላ ቅመም ልትወቅጥ ወጥታ ነበር፤ ሀሴት ሕፃኑን ተቀብላ ስታቅፈው ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሀሴት ምስሩን ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ ሠራችው። በሶብላውን በብዛት እየነሰነሰች "እናቴ ከሞተች ወዲያ፣ አሶሳ ሳልሄድ፣ እኔ ነበርኩ የማበስልለት" አለች። "ልጅ ስለነበርኩ በሶብላ አበዛበት ነበር። አንድም ቀን በዛ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ወጥ ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ ያውቀዋል።" ከዚያ ወደ መኝታ ክፍሉ ገብታ የሚልክያስን ትራስ አስተካከለችለት። "እናንተ ለአባቴ እንደደረሳችሁለት ለእናንተም ሰው ይድረስላችሁ" አለችው። መሣሪያው ይተነፍሳል። ሚልክያስ መናገር አይችልም፤ ዓይኑን ከጣራው ላይ አላነሳም።

ሳህኑ ሲሞላ ሀሴት ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

"አብሬዎት እሄዳለሁ" አለች።

አቶ ኖላዊ በር ላይ ነበሩ። "ነግሬሽ ነበር እኮ ልጄ። ሰውየው ይደነግጣል።"

"አልቀርበውም። ግድግዳው ጥግ እቆማለሁ። ነፍስ ይማር ሲል በጆሮዬ ልስማ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። እትዬ፣ ስሙን ጠርተው ይንገሩልኝ። ጸሎቱ አድራሻ ይኑረው።"

እምቢ ቢሏት ትጠረጥራለች። አቶ ኖላዊ ከበሩ ዞር አሉ።

ከሕንጻው ጀርባ፣ ታንከሮቹ ከመድረሳቸው በፊት፣ የግድግዳ ማጠፊያ አለ። ሀሴት እዚያ ቆመች። አርሴማ ሳህኑን ይዛ ታጠፈች። ከልጅቷ እስከ አባቷ ያለው ርቀት አንድ ክፍል ቢሆን ነው።

ጋሽ ኢዮስያስ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። "ምነው አምጥተው እዚህ ጣሉኝ?" አሉ። ከዚያች የሐምሌ ቀን ወዲህ ድምፃቸው የተቀደደ ከበሮ ይመስላል። "ደግሞ ምግብ? ዛሬ ስንቱን በላሁት።"

"ይህ የተዝካር ነው ጋሼ" አለች አርሴማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ለሁለት ሰው ነው የምትናገረው። "ሰው ሞቶ ነው። ትንሽ ይቅመሱና ነፍስ ይማር ይበሉላቸው።"

የተዝካር መሆኑን ሲሰሙ ተስተካክለው ተቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ። ጎረሱ። አርሴማ ፊታቸውን ትመለከት ነበር፤ ሲያላምጡ፣ ሲውጡ። ምንም አልነበረም። ሁለተኛ ጎረሱና ከዚያ አስቀመጡት።

"ጥሩ ነው መሰለኝ" አሉ። "ምላሴ ከደነዘዘ ቆየ። የዚህ ሁሉ ሰው ቁርስ ጣዕሙን አጠፋብኝ። የሟች ስም ማን ነው?"

አርሴማ ወደ ግድግዳው አየች። ከማጠፊያው የነጠላ ጫፍ ይታያል፤ አፈር የተቋጠረበት።

"ወልደ ሚካኤል" አለች።

ጋሽ ኢዮስያስ ፈገግ አሉ። "ሞክሼዬ ናቸዋ።" ከአልጋው ተነሱ። ሌላ ጊዜ ለመነሳት ሰው ይደግፋቸዋል፤ ያን ጊዜ ግን ብቻቸውን ቆሙና ወደ ምሥራቅ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። "የወልደ ሚካኤልን ነፍስ ይማር። በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑረው። ደጅ ላይ አያስቀረው። ከቤት ያግባው።"

"አሜን" አለች ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ሴት፤ ለቅሶ አፍኗታል።

ጋሽ ኢዮስያስ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀና አሉ። ሽማግሌው ድምፁ ወደመጣበት ለአፍታ አዩ። ከግድግዳው ወዲያ የጫማ ድምፅ ተሰማ፤ አንድ እርምጃ ወደ ማጠፊያው ቀረበ፤ ቆመ።

"እትዬ" አለ የሀሴት ድምፅ። "የሰውየውን እጅ ልሳም?"

"አይሆንም" አለች አርሴማ። ፈጥና ነው ያለችው፤ ሳታስብ። "ይረበሻሉ ተብለሽ የለ። ሂጂ፣ አውቶቡስሽ ያመልጥሻል።"

ከዚያ ጫማው ራቀ። በዝግታ፣ ቀጥሎም እየፈጠነ፣ እስከ መንገዱ ድረስ። እዚያ አቶ ኖላዊ የመኪናቸውን ሞተር አስነስተው ይጠብቁ ነበር።

"ማን ናት?" አሉ ጋሽ ኢዮስያስ።

"የሟች ልጅ ናት።"

ተመልሰው ተቀመጡ። ከሳህኑ ቁራሽ አንስተው እያዩት ቆዩ፤ አልጎረሱትም።

"ታድሎ" አሉ። "ሞክሼዬ ታድሎ። እንዲህ ያለች ልጅ አለችው።" ቁራሹን መልሰው አስቀመጡ። "ስሟን ንገሪኝ እስቲ። ልመርቃት።"

አርሴማ ፎጣውን እያጠፈች ነበር። አጥፋ ስትጨርስ ፈታችውና እንደገና አጠፈችው።

"ስሟን አልጠየቅኋትም" አለች።

"ይሁን። እሱ ያውቃታል።" ጋሽ ኢዮስያስ መኪናው ወደሄደበት ወደ መንገዱ እጃቸውን አነሱ። "የአባት ምትክ ይስጣት።"

"አሜን" አለች አርሴማ።